አክተር የሚሞትበት ፊልም

የቪዲዮ ቤት ትውልድ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ፤ አክተር አይሞትም። ጥይት እንደ በረዶ ቢዘንብበት፣ ከገደል ቢወረወር፣ ቤት ቢናድበት አቧራውን አራግፎ ይነሳል። የሚሞተው ወንበዴው ነው፤ እሱም ፊልሙ ሊያልቅ ሲል። ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተጠቅጥቀን የምንቀመጠው ይህ ሕግ እንደማይሻር ተማምነን ነበር።

ሕጉ ሲሻር ያየሁት "ዘ ግሬት ኢስኬፕ" የሚባለውን ፊልም ያየን ቀን ነው። ታላቁ ማምለጥ እንበለው። ፊልሙ ከእኛ በዕድሜ ይበልጣል፤ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ቻርልስ ብሮንሰን አለበት መባሉን ሰምተን ነው የገባነው። እስረኞቹ መሬት ሰርስረው ወጡ፣ አጨበጨብን። ስቲቭ ማክዊን በሞተር ብስክሌት የሽቦ አጥሩን ዘለለ፣ ቤቱ ሊፈርስ ደረሰ። ከዚያ መጨረሻው አካባቢ አንድ የጭነት መኪና ሜዳ ላይ ቆመና እስረኞቹን "ውረዱና ተንፈስ በሉ" አሏቸው። መትረየስ ተተኮሰባቸው። አለቀ። ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ፣ "አክተሩ ሞተ እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። የመለሰለት የለም።

በር ላይ ሳንቲም የሚሰበስቡት የባለቤቱ አባት ነበሩ፤ አባባ እንላቸዋለን። ፊልም አያዩም። የዚያን ቀን ግን ጸጥታው ገርሟቸው ይመስለኛል መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። "ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ የሆነ ነገር ነው?" አሉ። ከመካከላችን እንግሊዝኛ ደህና የሚሞክር አንድ ልጅ፣ "እውነተኛ ታሪክ ነው አባባ፤ ፊልሙ ለሃምሳዎቹ መታሰቢያ ነው ይላል" አላቸው። አባባ ትንሽ ቆም አሉና፣ "ታዲያ ደማቸውን የጠየቀ አለ?" አሉ። የአባባ አባት የየካቲት 12 ሰሞን ከቤት ተወስደው እንደወጡ መቅረታቸውን ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኛ ግን ጥያቄውን ሰምተን እንዳልሰማን ሆንን። ካሴቱ ወደ ኋላ እንዲመለስና ሞተሩ ድጋሚ እንዲዘል እየጮህን ነበር።

ጥያቄው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ወደ እኔ የተመለሰው። የማነሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።

ቦታው ሳጋን የምትባል ከተማ አጠገብ ነው፤ ያኔ ጀርመን፣ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ናት። እስር ቤቱ ስታላግ ሉፍት 3 ይባል ነበር። አውሮፕላናቸው ተመትቶ የተማረኩ የአየር ኃይል መኮንኖች የሚታሰሩበት፣ የሚያስተዳድረውም የጀርመን አየር ኃይል ራሱ ነው። ጀርመኖቹ ቦታውን የመረጡት አስበውበት ነው። መሬቱ አሸዋ ነው፤ ላይ ላዩ ጠቆር ያለ፣ ከሥሩ ቢጫ። አንድ እፍኝ ከታች የወጣ አሸዋ ሜዳው ላይ ቢበተን ከሩቅ ያስታውቃል። መኖሪያ ቤቶቹ ከመሬት ከፍ ተደርገው ተሠርተዋል፤ ጠባቂዎች ሥራቸው ገብተው እንዲፈትሹ። ቁፋሮ የሚያዳምጥ መሣሪያም ከመሬት ተቀብሯል።

የማምለጡን ሥራ የመራው ሮጀር ቡሼል ነው። ደቡብ አፍሪካ ተወልዶ እንግሊዝ አገር ጠበቃ የሆነ፣ ከዚያ በፊትም አምልጦ የተያዘ ሰው። ፊልሙ ውስጥ ሪቻርድ አተንቦሮ በሌላ ስም የተጫወተው እሱን ነው። ቡሼል ሦስት መሿለኪያ በአንድ ጊዜ እንዲቆፈር አዘዘ፤ አንዱ ቢያዝ ሌላው ይቀጥላል። "መሿለኪያ" የሚለውን ቃል መጥራት ራሱ ተከለከለ። ቶም፣ ዲክ እና ሃሪ ተብለው የሰው ስም ወጣላቸው። ቶም በ1943 ተያዘ። ዲክ የአሸዋና የዕቃ ማከማቻ ሆነ። ሃሪ ቀረ።

የሃሪ አፍ አንድ ክፍል ውስጥ ከሚነድ ምድጃ ሥር ነበር። ወደ ታች ዘጠኝ ሜትር ገደማ ይወርድና ወደ ጎን ከ100 ሜትር በላይ ይሄዳል። አሸዋው እንዳይደረመስ በእንጨት መደገፍ ነበረበት፤ እንጨቱ ከየት መጣ ቢሉ ከራሳቸው አልጋ። ወደ 4,000 የሚሆን የአልጋ ርብራብ ተነቅሏል። ሰዎቹ በመጨረሻ የሚተኙት በሁለት በሦስት ጣውላ ላይ ነበር ማለት ነው። አየር የሚገባው ከቀይ መስቀል በመጣ የዱቄት ወተት ባዶ ጣሳ በተቀጣጠለ ቧንቧ ነው፤ ለዚህ ለዚያው 1,400 ጣሳ ገደማ ሄዷል። ኮምፓስ የሚሠራው ከቀለጠ የሙዚቃ ሸክላ ነው። አሸዋውን ደግሞ ሱሪያቸው ውስጥ በተንጠለጠለ ከረጢት ይዘው እየወጡ፣ ሲንሸራሸሩ ቀስ እያሉ ያፈሱታል። ሲሄዱ ወዲያና ወዲህ ስለሚሉ "ፔንግዊኖች" ተባሉ። ከ600 በላይ እስረኞች በዚህ ሁሉ ሥራ ተሳትፈዋል። መቼም እዚህ ላይ ፊልሙን ማማት አይቻልም፤ ይህን ክፍል በሚገባ ነው ያሳየው። ቆፋሪ ሆኖ የሚጫወተው ብሮንሰንም በልጅነቱ የከሰል ማዕድን ቆፋሪ የነበረ ሰው ነው፤ አካፋ አያያዙን ያስተማረው የለም።

ፊልሙ የማያሳየው ሌላ ነገር አለ። መሿለኪያው የኤሌክትሪክ መብራት ነበረው። ሽቦው የተሰረቀው ግቢ ውስጥ መስመር ከሚዘረጉ ጀርመናውያን ሠራተኞች ነው። ሠራተኞቹ ጠፋብን ብለው ለማመልከት ፈሩ፤ ዝም አሉ። ነገሩ በኋላ ሲታወቅ ጌስታፖ ገደላቸው። አክተርም ወንበዴም አይደሉም፤ ፊልም ውስጥ ቦታ የላቸውም።

ማርች 24 ቀን 1944 ምሽት ላይ 200 ሰዎች ተራቸውን ይዘው ተቀመጡ። በፊልሙ ሜዳው ለምለም ነው፤ የተቀረጸው በበጋ ባቫሪያ ውስጥ ስለሆነ። በእውነቱ መሬቱ በበረዶ ተሸፍኗል። የመውጫው ክዳን በብርድ ደርቆ አልከፈት ብሎ ብዙ ጊዜ ፈጀ። ሲከፈት ደግሞ ጉድ ተገኘ፤ መሿለኪያው ጫካው ጋ አልደረሰም። የወጣው ከጥበቃ ማማው ብዙም ሳይርቅ በባዶ ሜዳ ላይ ነው። አንድ ሰው ጫካው ውስጥ ሆኖ ገመድ እየሳበ "አሁን ውጣ" እያለ ምልክት እንዲሰጥ ተደረገ። በዚያ ላይ በርሊን በአውሮፕላን ስትደበደብ መብራት ጠፋ፤ መሿለኪያው ጨለመ። እንደዚያም ሆኖ ሊነጋጋ ሲል 77ኛው ሰው በጠባቂ እስኪታይ ድረስ 76 ሰዎች ወጥተው ሄደዋል።

ከእነዚህ መካከል አሜሪካዊ አልነበረም። አሜሪካውያን በመጀመሪያው ቁፋሮ ረድተው ነበር፤ ግን ወራት ቀደም ብሎ ወደ ሌላ ግቢ ተዛውረዋል። ያመለጡት እንግሊዛውያን፣ ካናዳውያን፣ አውስትራሊያውያን፣ ፖላንዳውያን፣ ኖርዌያውያን፣ እንዲሁም የሌላ ብዙ አገር ልጆች ናቸው። ሞተር ብስክሌትም አልነበረም። ማክዊን ሞተር መንዳት ስለሚወድ ገባለት፤ ዝላዩን የዘለለለት እንኳ ጓደኛው ባድ ኢኪንስ ነው። ማክዊን ራሱን የሚያሳድዱ ጀርመኖች ሆኖም ነድቷል አሉ። የዚያን ቀን ቤቱን ያናወጥነው እንግዲህ ላልሆነ ነገር ነው።

የሆነው ሌላ ነው። አብዛኞቹ በእግር ወይም በባቡር፣ በሐሰተኛ ወረቀት፣ የውጭ አገር ሠራተኛ መስለው ለመሄድ ሞከሩ። ሦስት ብቻ ተሳካላቸው። ሁለት ኖርዌያውያን በመርከብ ስዊድን ገቡ፤ አንድ ሆላንዳዊ አውሮፓን አቋርጦ በስፔን በኩል ጂብራልታር ደረሰ። 73ቱ ተያዙ።

ሂትለር መጀመሪያ የተያዙት በሙሉ እንዲገደሉ አለ። አጠገቡ የነበሩት ቅነሳ አስደርገው ቁጥሩ 50 ላይ ቆመ። ከ73 ውስጥ ሃምሳውን መምረጥ ደግሞ የቢሮ ሥራ ነው። የወንጀል ፖሊስ አዛዡ አርቱር ኔቤ የእስረኞቹን ካርድ ዘርግቶ ይሄ ይሙት፣ ይሄ ይቆይ እያለ ለየ። (ኔቤ ሂትለርን ለመግደል በተሞከረው ሴራ እጁ አለበት ተብሎ በ1945 በራሱ መንግሥት ተሰቅሏል።)

ፊልሙ ሁሉንም በአንድ ሜዳ ነው የሚገድላቸው። ሲኒማ ነው፣ አይፈረድበትም። በእውነቱ ግን አንድ ሜዳ የለም። ሃምሳው በየተያዙበት ከተማ፣ አንዳንዴ ነጠላ፣ አንዳንዴ ሁለትና ሦስት እየሆኑ በመኪና ተወስደው መንገድ ዳር ሽንት እንዲሸኑ ሲወርዱ ከኋላቸው ተተኩሶባቸዋል። ቡሼል ከአንድ ፈረንሳዊ ጓደኛው ጋር የተገደለው እንዲህ ነው። አስከሬናቸው ተቃጠለ። ለየጣቢያው የተላለፈው ምክንያት አንድ ዓይነት ነው፤ "ድጋሚ ሊያመልጡ ሲሉ ተመቱ"።

በኤፕሪል 1944 የእስር ቤቱ አዲስ አዛዥ የእስረኞቹን አለቃ፣ እንግሊዛዊውን ማሴን አስጠርቶ 41 ሰዎች መገደላቸውን ነገረው። ቁጥሩ በኋላ ወደ 50 ከፍ ብሏል። ማሴ የቆሰሉት ስንት እንደሆኑ ጠየቀ። ማንም እንዳልቆሰለ ተነገረው። አርባ አንድ ሰው ሲሸሽ ተተኩሶበት አንድም ቁስለኛ ከሌለ ተኩሱ ምን ዓይነት እንደነበር ለመኮንን ማስረዳት አያስፈልግም። አዛዡም ያፍር ነበር ይባላል። የሟቾቹ አመድ በየሣጥኑ ሆኖ ወደ እስር ቤቱ ሲላክ፣ ጓደኞቻቸው ድንጋይ ጠርበው የመታሰቢያ ሐውልት እንዲሠሩላቸው ተፈቀደ። ሐውልቱ ዛሬም ቦታው ላይ አለ።

አሁን ወደ አባባ ጥያቄ እንምጣ። ደማቸውን የጠየቀ አለ? አለ። በዚያው ዓመት በጁን ወር የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አንቶኒ ኤደን ገዳዮቹ ተይዘው ለፍርድ እንደሚቀርቡ ለፓርላማ ቃል ገባ። ጦርነቱ እንዳለቀ የአየር ኃይሉ ፖሊስ ቡድን ተላከ። ከመሪዎቹ አንዱ ፍራንክ ማኬና ከጦርነቱ በፊት የከተማ ፖሊስ ነበር። ወንጀሉ ከተፈጸመ 17 ወር አልፎታል፤ ጀርመን ፈርሳለች፤ ጌስታፖዎቹ ስማቸውን ለውጠው በሚሊዮን ስደተኛ መካከል ገብተዋል። መርማሪዎቹ አመድ ያለባቸውን ሣጥኖች፣ የሬሳ ማቃጠያ መዝገቦችን፣ የሾፌሮችን ቃል ሳይቀር እየተከተሉ ከተማ ለከተማ ዞሩ። በ1947 ሃምቡርግ ላይ 18 ሰዎች ተከሰሱ። 14ቱ ሞት ተፈረደባቸው፤ 13ቱ በፌብሩዋሪ 1948 ሃሜልን ከተማ ተሰቀሉ። ቡሼልን የተኮሰው ኤሚል ሹልትዝ ከመካከላቸው ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ታላቁ ፊልም መሠራት የነበረበት በዚህ ላይ ነው፤ ማኬና ግን አጥር አይዘልም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ያ ፌብሩዋሪ ሊያልፍ ሳምንት ሳይሞላ፣ በማርች 1948፣ ለንደን ውስጥ የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን አንድ ሌላ መዝገብ ፊቱ ቀርቦለት ነበር። ኢትዮጵያ ያቀረበችው ነው። አሥር የጣሊያን ሹማምንት ተዘርዝረውበታል፤ ባዶሊዮና ግራዚያኒ ከፊት ናቸው። የመርዝ ጋዙ፣ የየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ፣ የታራሚዎቹና የመነኮሳቱ ግድያ። ኮሚሽኑ ለክስ የሚያበቃ ነገር አለ ብሎ ተቀበለው። ኮሚሽኑ ራሱ ግን በዚያው ወር ሥራውን ዘግቶ ተበተነ። ከዚያ በኋላ ተከሳሾቹን ይዞ የሚያቀርብ ጠፋ። ለሃምሳ መኮንኖች ደም ጀርመንን ቤት ለቤት ያስፈተሸችው እንግሊዝ በዚህኛው ጉዳይ አልገፋችም፤ ባዶሊዮ በጦርነቱ መጨረሻ ከእሷ ጎን የተሰለፈ ሰው ነበራ። ማንም ጣሊያናዊ ኢትዮጵያ ውስጥ ለሠራው ወንጀል ችሎት ፊት አልቆመም።

ግራዚያኒ ተከስሷል፤ ግን በአገሩ ፍርድ ቤት፣ ከጀርመን ጋር በመተባበሩ። በ1950 የ19 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ በወራት ውስጥ ተፈታ። በ1955 ሞተ። ባዶሊዮም በዓመቱ ተከተለው።

ስለ ሃምሳዎቹ ማንበብ ስጀምር አባባ በሕይወት አልነበሩም። ቢኖሩ ኖሮ ስለ አሥራ ሦስቱ ስቅላት እነግራቸው ነበር፤ "ጎሽ" እንደሚሉም አውቃለሁ፤ ቀጥለው የሚጠይቁኝንም አውቃለሁ። ቪዲዮ ቤቱ ፈርሶ ቦታው ላይ ሞባይል መጠገኛ ተከፍቶበታል።