የፍሰት ልክ፦ «ወንዙ ዛሬ ስንት ነው?»

«ዛሬ 2,800 ነው» አለ የጀልባችን መሪ የላይፍ ጃኬቴን ማሰሪያ እየጎተተ። አጠገቤ የቆመው ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «2,800 ምን? ዶላር?» አለኝ። ያለነው ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ጎሊ ወንዝ ላይ፣ ከሳመርስቪል ግድብ ሥር ነበር። እንቁጣጣሽ ካለፈ ሳምንት አልሞላውም።

መሪው የጠራው የወንዙን ልክ ነው። በአሜሪካ የራፍቲንግና የካያክ ሰዎች ወንዝ ከመግባታቸው በፊት አንድ ቁጥር ይጠያየቃሉ፤ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ በአንድ ቦታ ስንት ኪዩቢክ ጫማ ውሃ ያልፋል? አንድ ኪዩቢክ ጫማ 28.3 ሊትር ያህል ነው፤ በእኛ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንድ ተኩል አይሞላም። 2,800 ሲሆን ግን ወደ 79 ሜትር ኩብ ይደርሳል። «አንድ» ብለን እስክንቆጥር ወደ 4,000 ጀሪካን ውሃ በፊታችን ያልፋል ማለት ነው። ይህን ሳሰላለት ጓደኛዬ «ዶላር ቢሆን ይሻል ነበር» አለ።

የሙያው ሰዎች ይህን ነገር በእንግሊዝኛው «ዲስቻርጅ» ይሉታል። እኛ ጋ ቃሉ ሲነሳ ቶሎ የሚታወሰው ከሆስፒታል የወጣ በሽተኛ ወይም ያለቀ ባትሪ ነው። በአማርኛ ብዙ ጊዜ «የፍሰት መጠን» ተብሎ ይጻፋል። ስህተት አይደለም፤ ግን «መጠን» ሲባል ጆሮዬ የሚሰማው የተጠራቀመ ነገር ነው፤ ግድቡ የያዘው የውሃ መጠን እንደምንለው። እዚህ የምንለካው የሚያልፈውን እንጂ የተኛውን አይደለም። «ፈሰስ» ቢባል እንዴት ባማረ ነበር! ግን ገንዘብ ያዦች ቀድመው ወስደውታል፤ ወንዝ ፈሰስ አደረገ ቢባል አንባቢ ወደ መንግሥት ካዝና ነው የሚሄደው። «ሙላት» ደግሞ የወንዙን አንድ ጠባይ ብቻ ይነግረናል። ወንዝ ሲጎድልም ልክ አለው።

እኔ «የፍሰት ልክ» እላለሁ። «ልክ» መለኪያም ነው፣ ወሰንም ነው፤ ከልክ አለፈ እንላለን፣ ልኩን አያውቅም እንላለን። ቀዛፊው ቁጥሩን የሚጠይቀውም ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለማወቅ ነው።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ቁጥር አለ፤ ከፍታ። በዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር ቅዳሜና እሁድ ልጆች ይዘን የምንሄድበት የግሬት ፎልስ ፓርክ ከፖቶማክ ወንዝ ዳር ነው። እዚያ የሚቀዝፉ ሰዎች ሲነጋገሩ ኪዩቢክ ጫማ አይሰማም፤ «ሊትል ፎልስ ላይ 3 ጫማ ነው» ይባባላሉ። ሊትል ፎልስ ከታች ያለው የመለኪያ ጣቢያ ነው። 3 ጫማ ማለት ግን ውሃው ወገብ ድረስ ነው ማለት አይደለም። የመለኪያው ዜሮ የወንዙ ወለል ላይ አልተቀመጠም፤ ለመለኪያ እንዲያመች የተመረጠ ነጥብ ነው። ስለዚህ የአንዱን ወንዝ 3 ጫማ ከሌላው 3 ጫማ ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም። የፍሰት ልክ ትርጉሙ ግን የትም ቢሄዱ ያው ነው።

ሁለቱን የሚያገናኘው የመሐንዲሶች ልፋት ነው። ወንዙ ሲጎድልም ሲሞላም እየሄዱ ስፋቱን፣ ጥልቀቱንና የውሃውን ፍጥነት ይለካሉ። ያንን ከከፍታው ጋር አዛምደው መስመር ይሠሩለታል። ከዚያ በኋላ ከፍታው ከታወቀ ልኩ ይገኛል። የአሜሪካ መንግሥት የመጀመሪያውን ጣቢያ የከፈተው በ1889 እ.ኤ.አ.፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ፣ ኤምቡዶ በተባለ ቦታ፣ በሪዮ ግራንዴ ላይ ነው። ዛሬ ቁጥሩ ስልክ ላይ ይመጣል።

ልኩ ከፍ ባለ ቁጥር ወንዙ ይከፋል ብሎ መደምደም አይቻልም። ውሃ ሲያንስ ድንጋዩ ይገጣል፣ ጀልባው ይቀረቀራል። ሲበዛ አንዳንዱ አስቸጋሪ ቦታ ከውሃ በታች ተውጦ ይለሰልሳል፤ ሌላው ደግሞ ውሃው ከቋጥኝ ላይ ወርዶ ወደ ኋላ እየታጠፈ ጀልባ የሚይዝ ወጥመድ ይሆናል። በ1983 እ.ኤ.አ. በረዶው በአንድ ጊዜ ቀለጠና ግሌን ካንየን ግድብ ሞልቶ ሊፈስ ደረሰ፤ በግራንድ ካንየን የሚያልፈው የኮሎራዶ ወንዝም ከ90,000 ኪዩቢክ ጫማ በላይ ወጣ። በሌላው ጊዜ አብዛኛውን ቀን ከ8,000 እስከ 20,000 ባለው ውስጥ ነው። በዚያ ሰኔ ሦስት ሰዎች «ኤመራልድ ማይል» በተባለች የእንጨት ጀልባ ሳምንታት የሚፈጀውን ጉዞ በ36 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ጨረሱት። ክሪስታል የሚባለው ቦታ ላይ ግን ተገለበጡ። ያው ሙላት ነው ያፈጠናቸውም፣ የገለበጣቸውም።

ወደ ጎሊ ልመለስ። ወንዙ በመስከረም 2,800 የሚደርሰው ስለዘነበ አይደለም፤ እዚያ ይህ ወቅት ደረቅ ነው። የግድቡ ሐይቅ ለክረምቱ ጎርፍ ቦታ እንዲኖረው ይቀነሳል፤ ከ1986ቱ (እ.ኤ.አ.) የኮንግረስ ሕግ ወዲህ ደግሞ ውሃው ለቀዛፊዎች እንዲመች ሆኖ ይለቀቃል፤ በስድስት ሳምንት ውስጥ 22 ቀን። ከእንቁጣጣሽ ዋዜማ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ገደማ፣ አገራችን ወንዙ መጉደል በሚጀምርበት ሰሞን፣ እዚያ ይሞላል። ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው ልቡ የሄደው ወደ ዓባይ ነው። «የእኛስ ስንት ነው?» አለ።

ዓባይ ከአገር ሲወጣ በዓመት ወደ 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይዞ ይሄዳል። ለዓመቱ ሴኮንዶች ብናካፍለው 1,550 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ግን ይህ አማካይ ማንንም አይጠቅምም። ግድብ ሳይገባበት በነሐሴ ከ5,000 በላይ ነበር፣ በበጋው መጨረሻ ደግሞ ጥቂት መቶ ብቻ። ጎሊ ላይ ያስፈራን 79 ነበር። በ1968 እ.ኤ.አ. ካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የመራው የእንግሊዞች ጉዞ ወደ ዓባይ የወረደው ሙላቱ ሳይጎድል፣ በነሐሴና በመስከረም ነው።

ቁጥሩ ብቻውንም አይበቃም፤ አቅጣጫ አለው። ለዚህኛው አዲስ ቃል አያስፈልገንም፣ ከድሮም «እየሞላ ነው»፣ «እየጎደለ ነው» ስንል ኖረናል። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ጓደኛዬ ደወለልኝ፤ ካያክ ሊከራይ ነው። «ሊትል ፎልስን አየኸው?» አልኩት። «ከ4 ጫማ አልፏል።»

«እየጎደለ ነው?»

ትንሽ ዝም አለ። «እየሞላ ነው። ቡና አፍላ፣ ልመጣ ነው።»