ኩላሊቱን ያተረፈው ፈንገስ፣ ኩላሊቱን የሚነጥቀው ፈንገስ

በመስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ፣ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር፣ በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተጀመረ። ከዚያ በፊት ታማሚ ወደ ህንድ ወይም ወደ ታይላንድ እንዲሄድ ገንዘብ ይዋጣለት ነበር። ደስታው ተገቢ ነበር። የንቅለ ተከላ ታሪክ ግን ቀዶ ጥገናው ላይ አያበቃም።

እ.ኤ.አ. በ1954 ዶክተር ጆሴፍ መሬይ ቦስተን ላይ የመጀመሪያውን የተሳካ ንቅለ ተከላ ሲያደርጉ፣ ሰጪና ተቀባዩ ተመሳሳይ መንትዮች ስለነበሩ የተቀባዩ ሰውነት ኩላሊቱን እንደ ባዕድ አላየውም። መንትያ ለሌለው ግን የሰውነትን መከላከያ ማዳከም ግድ ሆነ። በ1960ዎቹ ብዙ ተቀባዮችን የገደለውም በዚሁ ቀዳዳ የገባው ኢንፌክሽን ነው። ታሪኩን የለወጠው ሳይክሎስፖሪን፣ አሜሪካ በ1983 የፈቀደችው፣ የተገኘው ከኖርዌይ አፈር ከተወሰደ ፈንገስ ነው። አንዱ ፈንገስ ኩላሊቱን አተረፈ፤ በተዳከመው መከላከያ በኩል ደግሞ ሌላው ይገባል።

ይህ ወልቂጤንና ቡታጅራን ምን አገባቸው? ንቅለ ተከላው አዲስ አበባ ይደረግ እንጂ ሰውየው ለመስቀል ወይም ለአረፋ አገሩ ይገባል። የጎተራ አቧራ፣ የበሰበሰ ሣር፣ የእርግብ ኩስ ለጤነኛ ሰው ብዙም አያሰጉም። ለእሱ ግን አስፐርጊለስንና ክሪፕቶኮከስን የመሰሉ ፈንገሶች መምጫ ሊሆኑ ይችላሉ። ሳሉ ቲቢ፣ ትኩሳቱ ታይፎይድ ሊመስል ይችላል። የቲቢው መድኃኒት ሪፋምፒሲን፣ ኩላሊቱን የሚጠብቁትን ሳይክሎስፖሪንንና ታክሮሊመስን ከደም ውስጥ ይቀንሳል፤ የፈንገሱ መድኃኒት ፍሉኮናዞል ደግሞ ይጨምራቸዋል። መጠኑ በደም ምርመራ ካልተስተካከለ ሁለቱም ኩላሊቱን ሊጎዱ ይችላሉ።

ከባዶ አንጀምርም። በኤችአይቪ ዘመን ሐኪሞቻችን የክሪፕቶኮከስ ማጅራት ገትርን መለየትና ማከም ተምረዋል። ቡታጅራ ደግሞ ከ1970ዎቹ ማብቂያ (በእኛ አቆጣጠር) ጀምሮ ቤት ለቤት የጤና ክትትል ሲጠናባት የኖረች አካባቢ ናት። ይህ ልምድ ለእነዚህ ጥቂት ሰዎችም ይዋል። የአካባቢው ሆስፒታሎች የክሪፕቶኮከስ ፈጣን መመርመሪያ ይኑራቸው። ታማሚው የመድኃኒቶቹን ዝርዝርና የንቅለ ተከላ ሐኪሙን ስልክ ከኪሱ አይለይ። የአገሩ ሐኪምም አዲስ መድኃኒት ከማዘዙ በፊት ይደውል።

በአገራችን ኩላሊት ሰጪው ብዙውን ጊዜ የሥጋ ዘመድ ነው። እህት ከጎኗ አውጥታ የሰጠችው ኩላሊት «ንቅለ ተከላ ተደርጎልሃል?» የሚል አንድ ጥያቄ ባለመጠየቁ ሊጠፋ አይገባም።