ስቶይኪዮሜትሪ

ስቶይኪዮሜትሪ በኬሚካዊ አጸግብሮት (ሪአክሽን) ውስጥ የሚገቡትንና ከእሱ የሚገኙትን ነገሮች መጠን የሚያሰላ የኬሚስትሪ ክፍል ነው። ስሙ «ንጥረ ነገር» እና «ልኬት» የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክኛ ቃላት የመጣ ሲሆን፣ ጀርመናዊው ኬሚስት ጄረሚያስ ቤንጃሚን ሪክተር በ1792 እ.ኤ.አ. ተጠቅሞበታል።

መሠረተ ሐሳብ

በኬሚካዊ አጸግብሮት ጊዜ አቶሞች አቀማመጣቸውን ይለውጣሉ እንጂ አይጠፉም፣ አዲስም አይፈጠሩም። ስለዚህ በእኩልታው ግራና ቀኝ የእያንዳንዱ ንጥረ ነገር አቶሞች ቁጥር እኩል መሆን አለበት። ይህን ማስተካከል እኩልታን ማመጣጠን ይባላል። የተመጣጠነ እኩልታ የሚናገረው ስለ ቅንጣቶች ቁጥር ነው፤ ሚዛን የሚለካው ግን ግራም ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሞል ነው።

ሞል

ደርዘን 12 ፍሬ እንደሆነ ሁሉ 1 ሞል 6.022 × 10²³ ቅንጣት ነው። ይህ ቁጥር በጣሊያናዊው አሜዴዮ አቮጋድሮ ስም የአቮጋድሮ ቁጥር ይባላል። የ1 ሞል መጠነ ቁስ ከነገር ነገር ይለያያል፦

* ካርቦን፦ 12 ግራም
* ኦክስጅን ጋዝ (2 አቶም ያለው ሞለኪውል)፦ 2 × 16 = 32 ግራም
* ካርቦን ሞኖክሳይድ፦ 12 + 16 = 28 ግራም
* ካርቦን ዳይኦክሳይድ፦ 12 + 32 = 44 ግራም

የስሌቱ ቅደም ተከተል

1. እኩልታውን ማመጣጠን፤
2. የተሰጠውን ግራም ለ1 ሞል መጠነ ቁስ በማካፈል ወደ ሞል መለወጥ፤
3. በእኩልታው ቁጥሮች መሠረት የተፈላጊውን ነገር ሞል ማግኘት፤
4. ይህን ሞል በተፈላጊው ነገር የ1 ሞል መጠነ ቁስ በማባዛት ወደ ግራም መመለስ።

ምሳሌ፦ የከሰል መንደድ

ከሰል በአብዛኛው ካርቦን ነው። በቂ አየር ሲያገኝ እንዲህ ይነዳል፦

ካርቦን + ኦክስጅን → ካርቦን ዳይኦክሳይድ

600 ግራም ካርቦን 600 ÷ 12 = 50 ሞል ነው። ስለዚህ 50 ሞል፣ ማለትም 1600 ግራም ኦክስጅን ይፈልጋል፤ 2200 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይወጣዋል። የገባው (600 + 1600) ከወጣው ጋር እኩል መሆኑ ስሌቱን ለማረጋገጥ ይጠቅማል።

ቀድሞ የሚያልቅ ነገር

ከሚዋሃዱት ነገሮች አንዱ ቀድሞ ካለቀ የምርቱን መጠን የሚወስነው እሱ ነው። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በግራም ያነሰውን ቀድሞ የሚያልቅ አድርገው ሲወስዱ ነው። ለምሳሌ 24 ግራም ካርቦንና 48 ግራም ኦክስጅን ቢኖሩ ኦክስጅኑ በግራም እጥፍ ነው። በሞል ሲሰላ ግን ካርቦኑ 2፣ ኦክስጅኑ 1.5 ሞል ስለሆነ የሚያጥረው ኦክስጅን ነው። ካርቦኑ በሙሉ ቢነድ 1 ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ (44 ግራም) እና 1 ሞል ካርቦን ሞኖክሳይድ (28 ግራም) ይገኛል፤ ድምሩም 72 ግራም ነው።

ዝግ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዛማ ጋዝ ነው። ደም ኦክስጅን እንዳያደርስ ያግዳል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1 ሞል ጋዝ 24.5 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። ርዝመቱና ወርዱ 3 ሜትር፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል 22,500 ሊትር አየር አለው። ከላይ ከተጠቀሰው 50 ሞል ካርቦን ከመቶ አንዱ (0.5 ሞል) ብቻ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቢለወጥ 12 ሊትር ያህል ይሆናል፤ ይህም ከክፍሉ አየር 0.05 በመቶ ገደማ ነው። ይህ መጠን ለሰዓታት ከተተነፈሰ ለሕይወት አስጊ ነው። በከሰል ምድጃ ውስጥ የሚፈጠረው ደግሞ ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ መቆሙም ጋዙ መቆሙን አያሳይም። ስለዚህ በር ተዘግቶ በሚታደርበት ክፍል ከሰል መንደድ የለበትም።