ኃይል ቆጣቢ የቤት ማሞቂያና ማቀዝቀዣ፡ አመራረጥ፣ አጠቃቀምና ጥንቃቄ

የኢትዮጵያ የአየር ጠባይ እንደ መልክዓ ምድሯ የተለያየ በመሆኑ፣ ለአንዱ አካባቢ ነዋሪ ዋና ጉዳይ የሆነው ለሌላው ጨርሶ ላይነሳ ይችላል። በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱ ውርጭ ያወርዳል፤ በሰመራና በጋምቤላ ደግሞ ነዋሪውን የሚያስቸግረው ሙቀቱ ነው። አዲስ አበባ በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ማሞቂያም ማቀዝቀዣም የማያስፈልጋት ከተማ ብትሆንም፣ የገላ መታጠቢያ ውሃ ለማሞቅ የሚውለው ኤሌክትሪክ የብዙ ቤተሰብን ወርሃዊ ክፍያ ከፍ ያደርገዋል። ስለሆነም አንድ ቤተሰብ መሣሪያ ለመግዛት ከመወሰኑ በፊት የሚኖርበትን አካባቢ፣ የቤቱን አሠራርና ያለውን የኤሌክትሪክ መስመር አቅም በቅድሚያ ማጤን ይኖርበታል። ይህ ጽሑፍ ለዚሁ ውሳኔ የሚረዱ መረጃዎችን ይዟል።

ፍጆታን አስቀድሞ ማስላት

የማንኛውም መሣሪያ ፍጆታ የሚታወቀው በላዩ የተጻፈውን የዋት መጠን አገልግሎት በሚሰጥበት ሰዓት በማባዛትና ውጤቱን ለ1,000 በማካፈል ነው። የሚገኘው አኃዝ ኪሎዋት ሰዓት ሲሆን፣ ቆጣሪው የሚመዘግበውና ክፍያ የሚታሰብበት መለኪያም ይኸው ነው። ለምሳሌ 2,000 ዋት የሆነ የኤሌክትሪክ ሂተር በየምሽቱ ለ4 ሰዓት ያለማቋረጥ ቢሠራ በአንድ ምሽት 8 ኪሎዋት ሰዓት፣ በ30 ቀን 240 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ እንዲል ተደርጎ በእርከን የተዘጋጀ ነው። በመሆኑም አንድ ሂተር የራሱን ፍጆታ ከማስከፈል አልፎ ቤተሰቡን ወደ ከፍተኛው እርከን ሊያሻግረው ይችላል። በቅድመ ክፍያ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ደንበኞች የሞሉት ሂሳብ ከወትሮው ቀድሞ ሲያልቅ ቆጣሪውን ከመጠራጠራቸው በፊት ይህን ስሌት ቢሠሩ፣ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱን እዚያው ያገኙታል።

ከመሣሪያው በፊት ቤቱ

ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ቀን ላይ ፀሐይን ተቀብሎ እጅ እስከማያስነካ ድረስ ይግላል፤ ጥርት ባለ ሌሊት ደግሞ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ለቆ ስለሚቀዘቅዝ ከውስጥ በኩል ጠል ይቋጥራል። በብዙ ቤቶች ማለዳ ላይ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ የዝናብ ፍሳሽ ሳይሆን ይኸው ጠል ነው። ስለዚህ በቆላም ሆነ በደጋ ቀዳሚው የኃይል ቁጠባ ሥራ ኮርኒስ ማሠራት፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው አየር የሚተነፍስበት ቀዳዳ መተው፣ አቅም ከፈቀደም ከኮርኒሱ በላይ ሙቀት የማያስተላልፍ ንጣፍ ማልበስ ነው። ፎም በቀላሉ የሚቀጣጠል በመሆኑ ከኤሌክትሪክ ገመድ ጋር መነካካት የለበትም። በሞቃት አካባቢ ዝገት የጀመረውን ቆርቆሮ ነጭ ቀለም መቀባት አነስተኛ ወጪ ያለውና ውጤቱም ቶሎ የሚታይ እርምጃ ነው። ከጭቃ የተሠራ ወፍራም ግድግዳ የቀኑን ሙቀት አዘግይቶ ስለሚያስገባ፣ በዚህ ረገድ ከስስ የብሎኬት ግድግዳ የተሻለ ሆኖ ይገኛል። ጭቃ ቤት ሁሉ ኋላ ቀር እንደሆነ አድርጎ መመልከት ቢያንስ በዚህ ጉዳይ ትክክል አይደለም።

አዲስ ቤት የሚሠሩ ሰዎች የመስኮት አቅጣጫ ላይ ሊያስቡበት ይገባል። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ በአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ በታኅሣሥ ወር ወደ ደቡብ፣ በሰኔ ወር ደግሞ ወደ ሰሜን ያዘነብላል። በመሆኑም በደጋ አካባቢ ወደ ደቡብ የሚከፈት መስኮት ብርዱ በሚጠናባቸው የበጋ ወራት ፀሐይን ያለ ምንም ወጪ ወደ ቤት ያስገባል። በቆላ አካባቢ በጣም የሚያስቸግረው ወደ ምዕራብ የሚከፈት መስኮት ነው፤ የከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትገባ የጣሪያ ክፈፍ አይከልላትም። ለዚህ ከቤቱ ውጭ የሚዘረጋ መከለያ ወይም ዛፍ ያስፈልጋል። ከመስታወቱ በስተውስጥ የሚሰቀል መጋረጃ ግን ሙቀቱ ከገባ በኋላ የሚደረግ መከላከል ነው።

ሙቅ ውሃ

50 ሊትር ውሃን ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማድረስ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። ይህ የተፈጥሮ ሕግ በመሆኑ የትኛውም ቦይለር፣ አምራቹ ምንም ቢል፣ ኤሌክትሪክን በቀጥታ ወደ ሙቀት እየለወጠ ከዚህ ባነሰ ኃይል ሊያሞቀው አይችልም። በቦይለሮች መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት የሞቀውን ውሃ ሳያባክኑ የማቆየት ችሎታቸው ነው። በሚሞቅበት ጊዜ የውጭ አካሉ ለእጅ ለብ የሚል ቦይለር ሽፋኑ ደካማ መሆኑን ያመለክታል። ቦይለር ሙሉ ቀን እንደበራ እንዲውል ከማድረግ ይልቅ ከመታጠቢያው ሰዓት ቀደም ብሎ አብርቶ መጠቀም ብክነቱን ይቀንሳል፤ መቆጣጠሪያውንም ከ60 ዲግሪ በላይ ማድረግ አስፈላጊ አይደለም። ሆኖም በጋኑ ውስጥ ለብ ብሎ በሚቆም ውሃ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊራባ ስለሚችል በዝቅተኛ ሙቀት ለረጅም ጊዜ ማቆየት አይመከርም።

ውሃው ኖራ በሚበዛበት አካባቢ፣ ለምሳሌ በድሬዳዋ፣ በማሞቂያው ዘንግ ላይ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ሙቀት ወደ ውሃው እንዳይደርስ ያግዳል፤ ዘንጉም ከመጠን በላይ ግሎ ይቃጠላል። በዚህ ዓይነት አካባቢ ቦይለሩን በባለሙያ በየዓመቱ ማስጠረግና ጋኑን ከዝገት የሚጠብቀውን የማግኒዥየም ዘንግ ማስቀየር አዲስ ከመግዛት ያድናል።

በግድግዳ ላይ የሚገጠመው ፈጣን የሻወር ማሞቂያ ውሃ ስለማያከማች በመቆየት የሚባክን ሙቀት የለውም፤ ነገር ግን በሚሠራበት ቅጽበት እስከ 5,500 ዋት የሚወስድ አለ። ይህ በ220 ቮልት 25 አምፔር ማለት ነው። ለመብራትና ለሶኬት በተዘረጋ ቀጭን ገመድ ላይ መቀጠል ለቃጠሎ ያጋልጣል። የመሬት ማስተላለፊያ ገመድ፣ በተለምዶ ኧርዝ የሚባለው፣ ሳይኖር መጠቀም ደግሞ በውሃ ውስጥ ላለው ሰው ሞት ሊያስከትል ይችላል። ራሱን የቻለ ገመድ፣ ራሱን የቻለ ብሬከርና በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ የመከላከያ ማብሪያ የሌለው የሻወር ማሞቂያ መገጠም የለበትም።

ኃይልን በእጅጉ የሚቆጥበው የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ነው። በአገራችን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን በአማካይ 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የፀሐይ ኃይል ያርፋል፤ ሁለት ካሬ ሜትር የሆነ መሰብሰቢያ ግማሹን እንኳ ወደ ውሃው ቢያስገባ ከላይ የተጠቀሰውን የ50 ሊትር ቦይለር ሁለት ጊዜ ለማሞቅ ይበቃል። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ሲከብድ ምርቱ ስለሚቀንስ ረዳት የኤሌክትሪክ ዘንግ ያስፈልገዋል። ተጠቃሚዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ረዳቱ ዘንግ በክረምት በርቶ በጥቅምት ሳይጠፋ ከቀረ መሣሪያው ዓመቱን ሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ውድ ቦይለር ይሆናል። የተሞላው ጋን ክብደት ከባድ በመሆኑ ጣሪያው መሸከም መቻሉ በባለሙያ ይረጋገጥ። ውርጭ በሚወርድባቸው ደጋማ ቦታዎችም ቧንቧው በውስጡ ያለው ውሃ እንዳይረጋና እንዳይፈነዳ በሽፋን መጠቅለል ይኖርበታል።

ክፍል ማሞቅና የከሰል አደጋ

ተራ የኤሌክትሪክ ሂተር የወሰደውን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት አድርጎ ይመልሳል። የሚነፋውም፣ ዘይት ያለውም፣ ቀይ ዘንግ ያለውም በዚህ እኩል ናቸው፤ «ኃይል ቆጣቢ» የሚል ጽሑፍ ቢለጠፍባቸውም ልዩነት አያመጣም። በማቀዝቀዝም በማሞቅም የሚሠራው ባለሁለት አገልግሎት ኤርኮንዲሽነር ግን ሙቀትን አያመነጭም፤ ከውጭው አየር ሰብስቦ ወደ ውስጥ ያጓጉዛል። ስለዚህ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ሦስትና ከዚያ በላይ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ሊያስገባ ይችላል። ከላይ በምሳሌነት የቀረበው የ240 ኪሎዋት ሰዓት ወርሃዊ ፍጆታ በዚህ ዘዴ ወደ 80 ይወርዳል። የመግዣ ዋጋው ከፍተኛ መሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም። በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ብርድ ለሚሰማው ቤተሰብ መስኮትና በርን መድፈን፣ ጋቢ መደረብና ከ100 ዋት የማይበልጥ የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ መጠቀም የተሻለ ውሳኔ ሊሆን ይችላል።

በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አንድዶ መተኛት በማንኛውም ሁኔታ ሊፈጸም አይገባም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ሲሆን፣ ከደም ጋር የሚያያዝበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ነው። በኅብረተሰቡ ዘንድ «ከሰሉ ከቀላና ጭሱ ካለቀ አይጎዳም» የሚለው አመለካከት ሰፊ ነው፤ ይሁን እንጂ ጋዙ በብዛት የሚወጣው ጭስ ከሌለው ከቀላው ፍም ነው። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ የመጀመሪያ ምልክቶች ናቸው። የተኛ ሰው ግን እነዚህን ምልክቶች ሳያውቅ ራሱን ሊስት ይችላል። ተጎጂውን ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል፤ ወተት ማጠጣት ወይም ሎሚ ማሽተት ሕክምናን አይተካም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ማቀዝቀዝ

የጣሪያ ቬንትሌተር 70 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ በሌሊት ለ8 ሰዓት ቢሠራ ፍጆታው ከ0.6 ኪሎዋት ሰዓት አይበልጥም። 12,000 ቢ.ቲ.ዩ. የሆነ ኤርኮንዲሽነር ወደ 1,100 ዋት የሚወስድ ሲሆን፣ ኮምፕረሰሩ ከጊዜው ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ቢሠራ እንኳ በዚያው 8 ሰዓት ውስጥ 6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይደርሳል። ቬንትሌተሩ አየሩን አያቀዘቅዝም፤ የሰውነትን ላብ በማድረቅ ቅዝቃዜ እንዲሰማ ያደርጋል። ስለሆነም ሰው በሌለበት ክፍል ማብራቱ ትርፍ የለውም። ሁለቱን አጣምሮ ኤርኮንዲሽነሩን በ25 ወይም በ26 ዲግሪ፣ ቬንትሌተሩን በዝግታ ማሠራት በ20 ዲግሪ ከማቀዝቀዝ ያነሰ ኃይል ይወስዳል።

በውሃ የሚያቀዘቅዘው ኤርኩለር በደረቅ አየር፣ ለምሳሌ በሰመራ፣ በአነስተኛ ኃይል ጥሩ ውጤት ይሰጣል። በዝናቡ ወራት እርጥበት በሚበዛባት ጋምቤላ ግን አየሩ ተጨማሪ ውሃ ስለማይቀበል ክፍሉን ከማርጠብ ያለፈ ጥቅም የለውም። ይህን ሳይገነዘቡ የገዙ ሰዎች መሣሪያው የተበላሸ ይመስላቸዋል።

ኤርኮንዲሽነር ሲገዛ የኮምፕረሰሩን ፍጥነት እንደ አስፈላጊነቱ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ኢንቨርተር የተባለው ዓይነት ይመረጣል። በቴክኒክ መግለጫው ላይ የማቀዝቀዝ አቅሙን ለሚወስደው ዋት ማካፈል መሣሪያዎችን ለማወዳደር ያስችላል፤ 3,500 ዋት አቀዝቅዞ 1,000 ዋት የሚወስድ ዕቃ ውጤቱ 3.5 ነው፤ አኃዙ ከፍ ባለ መጠን መሣሪያው ቆጣቢ ይሆናል። ለያገለገሉ ዕቃዎች የጋዙን ዓይነት መመልከት ተገቢ ነው። አር-22 የተባለው ጋዝ የኦዞን ንጣፍን የሚጎዳ በመሆኑ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በታዳጊ አገሮች እስከ እ.ኤ.አ. 2030 በአብዛኛው ከአገልግሎት እንዲወጣ የተወሰነ ነው፤ በዚህ ጋዝ የሚሠራ መሣሪያ በርካሽ ቢገኝም ወደፊት መሙያው መቸገሩ አይቀርም። ከተገዛ በኋላም ማጣሪያውን በየወሩ ማጠብ፣ በተለይ አቧራ በሚበዛበት ከተማ፣ ከማንኛውም ጥገና የበለጠ ይጠቅማል። ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ሲመለስ ኤርኮንዲሽነርም ሆነ ፍሪጅ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ሳይቆይ መነሳት ስለሌለበት፣ የማዘግየት አገልግሎት ያለው የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ መጠቀም ይመከራል።

መስመር ማሳደግና ባለሙያ መምረጥ

ቦይለር፣ የኤሌክትሪክ ምጣድና ኤርኮንዲሽነር በአንድ ጊዜ የሚጠቀም ቤት በነጠላ ፌዝ የተሰጠውን አቅም በቀላሉ ያልፋል። ብሬከር ደጋግሞ ሲወድቅ በትልቅ መለወጥ መፍትሔ አይደለም፤ ገመዱ ያው በመሆኑ አደጋውን ያባብሰዋል። ተጨማሪ ኃይል የሚፈልጉ ደንበኞች በቤታቸው ያሉትን መሣሪያዎች የዋት መጠን ዘርዝረው በአቅራቢያቸው ለሚገኝ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል ማመልከት ይችላሉ። በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት የኤሌክትሪክ ሥራ የሚያከናውኑ ባለሙያዎች የብቃት ማረጋገጫ ሊኖራቸው የሚገባ በመሆኑ፣ ተገልጋዩ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ማረጋገጫውን እንዲያሳዩት የመጠየቅ መብት አለው። የመስመር ብልሽት፣ የቮልቴጅ መዋዠቅ ወይም የቆጣሪ ጥያቄ ሲኖር የአገልግሎቱን የጥሪ ማዕከል በ905 ማግኘት ይቻላል፤ ደዋዩ የውል ወይም የቆጣሪ ቁጥሩን አዘጋጅቶ ቢደውል ጥያቄው ቶሎ ይስተናገዳል።