ከቁራኛ እስከ ይርጋ፦ የቆየ የሕክምና ዕዳና የተከሳሹ መልስ

በቀደመው የኢትዮጵያ የሙግት ሥርዓት ዕዳውን መክፈል ያልቻለ ወይም የካደ ሰው ከባለገንዘቡ ጋር በአንድ ሰንሰለት ይታሰር ነበር። ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዳኛ እስኪፈርድ ድረስ ሁለቱ አብረው ይውሉ፣ አብረው ያድሩ ነበር። ይህ ሥርዓት ቁራኛ ይባል ነበር፤ «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» የሚለው አነጋገርም ከዚሁ የተወረሰ ነው። ቁራኛ ጭካኔ የበዛበት ሥርዓት ቢሆንም ባለዕዳው ከሳሹ ማን እንደሆነና ምን እንደሚጠይቀው ዘወትር ያውቅ ነበር። ዛሬ ሰንሰለቱ የለም፤ ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም ማንም ሰው የውል ግዴታውን መፈጸም ስላልቻለ ብቻ እንዳይታሰር ይከለክላል። በሰንሰለቱ ፈንታ የሚመጣው መጥሪያ ነው። መጥሪያውን ችላ ያለ ሰው ግን ጉዳዩ በሌለበት ታይቶ ሊፈረድበት ይችላል።

ሕክምና በውል ሕግ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2639 ጀምሮ ስለ ሕክምናና ስለ ሆስፒታል ውል ይደነግጋል። ሐኪሙ ለበሽተኛው እንክብካቤ ለማድረግና ጤናውን ለመጠበቅ ወይም ለማዳን የተቻለውን ሁሉ ለመጣር ይገደዳል፤ በሽተኛው ደግሞ ዋጋውን ይከፍላል። ስለሆነም ያልተከፈለ የሕክምና ሒሳብ እንደማንኛውም የውል ዕዳ በፍርድ ቤት ሊጠየቅ ይችላል።

ይኸው ሕግ ለጥያቄው የጊዜ ወሰን አበጅቶለታል። በቁጥር 1845 መሠረት በሕግ በሌላ አኳኋን ካልተወሰነ በቀር በውል ላይ የተመሠረተ ክስ በ10 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የሕጉ አርቃቂ ሬኔ ዳቪድ ፈረንሳዊ እንደነበሩ ይታወቃል። በአገራቸው ሕግ የሐኪም ዋጋ ጥያቄ በ1804 እ.ኤ.አ. በአንድ ዓመት፣ ከ1892 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ወዲህ ደግሞ በሁለት ዓመት ይርጋ የተወሰነ ነበር። የይርጋ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ደረሰኝ ይጠፋል፣ ምስክር ይሞታል፣ ከብዙ ዓመት በኋላ እውነቱን ማጣራት ያስቸግራል።

ዝምታ የሚያስከትለው ጉዳት

ብዙዎች የማያውቁት ዋና ነገር ይርጋ በራሱ የማይሠራ መሆኑ ነው። ቁጥር 1856 ዳኛው ተከሳሹ ያላነሳውን የይርጋ መቃወሚያ በራሱ አነሳሽነት እንዳያነሳ ይከለክላል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም በቁጥር 244 ይርጋን ከመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያዎች መካከል ይቆጥረዋል፤ በጊዜው ያልቀረበ መቃወሚያ እንደተተወ ይቆጠራል። ስለዚህ ዕዳው 15 ዓመት ቢሞላውም ተከሳሹ ዝም ካለ ሊፈረድበት ይችላል። መጥሪያው በአግባቡ ሳይደርሰው ወይም በበቂ ምክንያት ሳይቀርብ የቀረ ተከሳሽ ውሳኔውን ካወቀበት ቀን አንሥቶ በአንድ ወር ውስጥ እንዲነሣለት ማመልከት ይችላል።

ሌላው ጥንቃቄ የሚሻው ጉዳይ የይርጋ መቋረጥ ነው። በቁጥር 1851 መሠረት ባለዕዳው ዕዳውን ካመነ፣ ለምሳሌ ጥቂት ገንዘብ ከከፈለ ወይም ዋስ ከጠራ፣ የጊዜው አቆጣጠር እንደ አዲስ ይጀምራል። በቅን ልቡና የተከፈለ 100 ብር ሊያበቃ የተቃረበውን ጊዜ ወደ መነሻው ይመልሰዋል።

የፉሪ ነዋሪ ጉዳይ

ፉሪ በ2015 ዓ.ም. የሸገር ከተማ ሲመሠረት ከክፍለ ከተሞቹ አንዱ ሆኗል፤ አስተዳደሩም በኦሮሚያ ክልል ሥር ነው። አዲስ አበባ ግን ከደጁ ነው። የፉሪ ነዋሪ አዲስ አበባ ታክሞ ዕዳ ቢቀርበት፣ ክሱ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 19 መሠረት በሚኖርበት ሥፍራ፣ በቁጥር 24 መሠረት ደግሞ ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ሥፍራ ሊቀርብ ይችላል። በአንደኛው ችሎት የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ፣ በሌላው አማርኛ ነው። ስለዚህ ተከሳሹ አስቀድሞ ሊመለከት የሚገባው መጥሪያው ከየትኛው ፍርድ ቤት እንደወጣና የቀጠሮውን ቀን ነው።

የነፃ ሕክምና ማስረጃም ተመሳሳይ ችግር አለበት። ከ1990 ዓ.ም. የጤና አገልግሎት ፋይናንስ ስትራቴጂ ወዲህ በተዘረጋው አሠራር መክፈል የማይችሉ ነዋሪዎች በሚኖሩበት አካባቢ ተለይተው ማስረጃ ያገኛሉ፤ ወጪያቸውን የሚተካው ማስረጃውን የሰጠው አስተዳደር ነው። ይህም በአስተዳደሩና በጤና ተቋሙ መካከል ስምምነት እንዲኖር ይጠይቃል። ወሰን ተሻግሮ የታከመ ድኃ ማስረጃ በእጁ እያለ ባለዕዳ ሆኖ ሊመዘገብ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የጤና ባለሙያው ድርሻ

እንዲህ ያለ ክስ ሲቀርብ የሙግቱ ማስረጃ የሚገኘው በጤና ተቋሙ መዝገብ ቤት ነው። አገልግሎቱ የተሰጠበት ቀን፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ የነፃ ሕክምና ማስረጃው ቁጥር በካርዱና በደረሰኙ ላይ በትክክል ከሰፈረ ለተቋሙም ለታካሚውም ፍትሕ ይገኛል። የዕዳ ማመኛ የሚያስፈርም ሠራተኛ ፊርማው ምን እንደሚያስከትል ለታካሚው ማስረዳት ይገባዋል። መጥሪያ ይዞ ምክር ለሚጠይቅ ሰው ደግሞ «ቆይቷል፣ ተወው» ማለት በደል ነው፤ ተገቢው ምክር ማስረጃህን ሰብስብ፣ በቀጠሮው ቀን ቅረብ፣ መልስህን በጽሑፍ ስጥ የሚል ነው። በቁራኛ ዘመን ባለዕዳው ከዳኛ ፊት የሚደርሰው በሰንሰለት እየተጎተተ ነበር፤ ዛሬ በገዛ እግሩ ካልቀረበ መብቱን የሚያስታውስለት የለም።