መስመሩ ሥር ያለ ጨለማ

እስቲ ጠጋ በሉ፣ የመብራት ነገር ልተርክላችሁ ነው። የምጀምረውም ከመንዝ ነው።

የሸዋ ነገሥታት ግንዱ ከዚህ ደጋ ነው። ነጋሲ ክርስቶስ ከመንዝ ተነስቶ የመሠረተው ቤት ትውልድ እየቆጠረ ወደ ይፋት ወረደ፤ አንኮበርን ተቀመጠባት፤ ኋላም በእንጦጦ አድርጎ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ዘር የተወለዱት አፄ ምኒልክ በ1890 ዓ.ም. ገደማ ቤተ መንግሥታቸውን በኤሌክትሪክ አበሩ። በ1900ዎቹ መጀመሪያም ከአቃቂ ወንዝ ኃይል ተቀዳ። ልብ በሉ፤ ከመንዝ የወጣው ቤት አምፖል ሲያበራ፣ መንዝ የቀረው ወገን ማታ ማታ በምድጃ ነበልባል ነበር የሚተያየው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በሩጫ ልውሰዳችሁ። በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» እያለ የሚጠራው ከዚያ የወረሰውን ስም ነው። በ1952 ቆቃ 43 ሜጋ ዋት ይዞ መጣ፤ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ የተሠራ ነው። ከዚያ አዋሽ ሁለት፣ አዋሽ ሦስት፣ ፊንጫ፣ መልካ ዋከና እየተባለ ተቀጠለ። መስመሩ ግን ፋብሪካና ትልልቅ ከተማ እየመረጠ ነበር የሚሄደው። ከዋናው መስመር ርቀው የቀሩት ትንንሽ ከተሞች፣ ዕድል የቀናቸው ሲሆኑ፣ የናፍጣ ጄኔሬተር አገኙ። ማታ ጥቂት ሰዓት ይሠራል፤ ናፍጣ የጫነው መኪና ከዘገየ ከተማው ይጨልማል።

በ1998 ዓ.ም. ነገሩ ተለወጠ። መንግሥት ሁሉን አቀፍ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም ብሎ ተነሳ። ያኔ መብራት ያላቸው የአገሪቱ ከተሞችና መንደሮች 667 ነበሩ፤ በጥቂት ዓመታት ከአምስት ሺህ አለፉ። ይህን ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ምሰሶ በአህያና በሰው ትከሻ ገደል ወርዶ ገደል የወጣበት ዘመን ነው። የ33 ሺህ ቮልት መስመር የመንዙን መሐል ሜዳ በመሰለ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ፣ ውርጭና ነፋስ በሚፈራረቁበት አምባ ላይ መዘርጋት ቀላል ሥራ አይደለም።

ችግሩ የመጣው ከቆጠራው ነው። አንድ ከተማ ትራንስፎርመር ሲተከልለት፣ በዙሪያው ያለው ሕዝብ ሁሉ «መብራት የደረሰው» ተብሎ ተመዘገበ። ወደ ቤት የገባው ግን ሌላ ነው። በ2009 ዓ.ም. ገደማ የዓለም ባንክ ቤት ለቤት ባስጠናው ጥናት፣ ከዋናው መስመር መብራት ያላቸው አባወራዎች ከመቶ 33 ብቻ ሆነው ተገኙ፤ 24 የሚሆኑት ደግሞ በሶላርና በመሳሰለው ይጠቀሙ ነበር። የቀሩት ምንም አልነበራቸውም። ከእነዚህ ስንቱ ምሰሶው ሥር የተቀመጠ ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ መልሱ ብዙ ነው።

ለምን ቢሉ፣ ከምሰሶው እስከ ቤቱ ያለውን አንድ መቶ ሜትር ማንም የራሱ ሥራ አላደረገውም። መስመሩን መንግሥት ዘረጋው። ቆጣሪ፣ ከምሰሶው የሚሳብ ገመድ፣ የቤት ውስጥ ዝርጋታ፣ ባልቦላ፣ ሶኬት፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ይህ ሁሉ ለአባወራው ተተወ። በግ ሸጦ ማዳበሪያ የሚገዛ፣ የልጅ ደብተር የሚገዛ ሰው፣ ያንን ሁሉ በአንድ ቀን ከየት ያመጣዋል? ወይ ከጎረቤት ቆጣሪ ገመድ ይስባል፤ ወይ ይቀራል። ገመዱ በአጥር ላይ ተንጠልጥሎ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ከአንድ ቤት ወደ ሦስት ቤት ሲሄድ በየመንደሩ አይታችኋል። ዝናብ ሲመጣ እናቶች ልጆቻቸውን ከዚያ አጥር የሚያርቁት ያለ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ አንድ የመንዝ ቤት ልግባና የማሳያችሁ አለ። ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ በውጭ በኩል ኩበት ተለጥፎ እየደረቀ ነው። ደጋው ላይ እንጨት ብርቅ ስለሆነ የሚነደው ኩበቱ ነው። ባና የለበሱ እናት ከምጣዱ ፊት ተቀምጠዋል፤ ጢሱ ቤቱን ሞልቶታል፤ ዓይናቸው ያለቅሳል፤ ኩበት እየጨመሩ እንጀራ ያወጣሉ። ከኩበቱ ጋር የሚነደው ማዳበሪያ ነው። እርሻው ላይ ቢበተን ገብሱን ያፋፋው የነበረ እበት፣ በየቀኑ በጭስ ይወጣል። የሚቀጥለው ዓመት መከር ከምድጃው ሥር አመድ ሆኖ ይጠረጋል።

እንበልና አንድ የሶላር ባለሙያ ለእኒህ እናት ጣራ ላይ ትንሽ ሰሌዳ ሰካላቸው። መብራት በራ፤ የስልክ ባትሪ ሞላ። እናትየው ግን ወደ ምጣዱ አዩና «ልጄ፣ ተባረክ። ይህቺ ምጣዴን ታሞቅልኛለች ወይ?» አሉ። «ኧረ እማማ፣ ለምጣድ አትችልም» አላቸው። እውነቱን ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይበላል፤ ያች ሰሌዳ ግን አንድ መቶ ዋት አካባቢ ብትሰጥ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። የአገር ዕቅድ አምፖል ከቆጠረ፣ ሶላሩም ትንሹም መስመር ይበቃል። ምጣድ ከቆጠረ ግን ሌላ ሒሳብ ነው። በገጠር መንደር የሚሰቀለው 25 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር ሰባት ምጣድ በአንድ ጊዜ ከተጣደበት አቅሙ አለቀ። የፋሲካ ዋዜማ ሃምሳ ቤት ምጣድ ሲጥድ ምን እንደሚሆን ደግሞ አገር ያውቀዋል፤ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል፤ ምትክ እስኪመጣ መንደሩ ወደ ኩበቱ ይመለሳል።

በ2010 ዓ.ም. ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ወጣ፤ በ2011 ተሻሻለ። የተጻፈው ነገር ደግ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. እያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ መብራት ያገኛል፤ ከመቶ 65 በዋናው መስመር፣ 35 ደግሞ በሶላርና በአነስተኛ የመንደር ማመንጫ። ዕቅዱ ከተማን ሳይሆን አባወራን ለመቁጠር ቃል ገባ፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ካርታ ላይ መንደር ለመንደር ርቀት እየተለካ የትኛው ቤት በምን እንደሚበራ ተወሰነ።

ካርታው ግን መንዝን ሲያገኝ ይቸገራል። ገደል ማዶ ያለ ሰው ሲጣራ ድምፁ ይሰማል፤ እግር ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል። የጀማ ገባሮች አገሩን እንደ ጣት ከፋፍለውታል፤ ቤቱም በየአፋፉ ለየብቻ ነው። ለአንድ አፋፍ የሚወጣው ምሰሶ በሜዳ አገር አንድ መንደር ያበራል። በዚህ ላይ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በ2014 መጀመሪያ ውጊያው ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን እስኪነካ ደረሰ፤ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮም የአማራ ክልል ሰላም አላገኘም። መኪናና ሠራተኛ በሰላም ሳይወጣና ሳይገባ ምሰሶ አይተከልም።

ሌላም ያልተነገረ ገመና አለ። ለረጅም ዓመታት የመጀመሪያው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ በኪሎ ዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ገደማ ነበር። ለድሃ ታስቦ ነው፤ ደግ ሐሳብ ነው። ነገር ግን አገልግሎት ሰጪው አንድ የገጠር ቤት በጨመረ ቁጥር ኪሳራው ይጨምር ነበር። ማን ነው ታዲያ ተጣድፎ ወደ አፋፉ የሚሄድ? ኬንያ በ2007 ዓ.ም. የተለየ ነገር ሞከረች። ከትራንስፎርመር በ600 ሜትር ውስጥ ያለውን ቤት ሁሉ እንዲገባለት አለች፤ ማስገቢያውን ከ35,000 ወደ 15,000 ሽልንግ አወረደች፤ እሱንም በየወሩ በትንሽ በትንሹ እንዲከፈል ፈቀደች። ጉድለት አላጣውም፤ ቢሆንም ያንን መቶ ሜትር ማን ይሥራው ለሚለው ጥያቄ መልስ ሰጥታለች።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋ ዋት። መጋቢት 24 ቀን 2003 መሠረቱ ሲጣል ጀምሮ ከገበሬው እስከ ሊስትሮው ያለው ሁሉ አዋጣበት፤ ደስታውም የሁሉም ነበር። በዚያው ዓመት ግን የዕቅዱ ቀነ ገደብ አለፈ፤ ከሕዝቡም ግማሽ ገደማው አሁንም ያለ መብራት ነው። ኃይሉ አለ ማለት ነው። የጎደለው ማከፋፈያው ነው፤ እሱንም እንደ ግድቡ ቆጥረን አላዋጣንበትም።

መንዝ ስለ ማከፋፈል የሚያውቀው ነገር አለ። ከመሐል ሜዳ ብዙ ሳይርቅ ጓሳ አለ። አስቦና ጌራ የተባሉ የመንዝ አባቶች ዘር የጋራ አድርጎ የያዘው፣ ቀሮ በሚባል የጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት የተጠበቀ ሣር ነው። ሣሩ እስኪያድግ ለዓመታት ይዘጋ፣ ቀኑ ሲደርስ ይከፈት ነበር፤ ከቀኑ በፊት ማጭድ ያነሳ ይቀጣ ነበር። የ1967 የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፍርሶት ነበር፤ ሕዝቡ ግን ጓሳን አልተወውም፤ ዛሬም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። እንዲህ ያለ ሕዝብ ለአንድ ትራንስፎርመር ደንብ ማውጣት ያቅተዋል? ሰኞና ሐሙስ የላዩ ሰፈር፣ ማክሰኞና ዓርብ የታቹ ሰፈር ምጣድ ይጣድ ቢባል፣ የበዓል ዋዜማ ደግሞ በሰዓት ቢከፈል፣ ሰው ቀድሞውንም በደቦና በዕቁብ የለመደው ነው። አሁን ሕጉ ለኅብረት ሥራ ማኅበር የመንደር ማመንጫ እንዲይዝ በር ከፍቷል፤ በአፋፎቹ ላይ ይህ ሊሞከር ይገባል።

ዕቅድ አውጪዎች ሆይ፣ የምለምናችሁ ይህን ነው። የሚቀጥለውን ዕቅድ ስትጽፉ ከግድቡ ጀምራችሁ አትውረዱ፤ ከምጣዱ ጀምራችሁ ውጡ። ለእያንዳንዱ ትራንስፎርመር መዝገብ ይከፈትለት፤ ከሥሩ ስንት ቤት አለ፣ ስንቱ ቆጣሪ አለው፣ ስንቱ ከጎረቤት ይስባል፣ ስንቱ ኤሌክትሪክ ምጣድ ሊገዛ ይፈልጋል። የቤት ውስጥ ዝርጋታው በብድር ይሠራ፤ ብድሩም አባወራው ካርድ በሞላ ቁጥር በጥቂት በጥቂቱ ይቆረጥ። ትራንስፎርመሩም ለመንደሩ ምጣድ በሚበቃ መጠን ይመረጥ። መዝገቡን ለመጀመር ግድብ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ወረዳው ከመጪው መኸር በፊት በቀበሌ ሠራተኛ ሊያስሞላው ይችላል።