የልብ ምት መዛባት ያለበት ሰው ሰመመን ከመውሰዱ በፊት ሊያሳውቃቸው የሚገቡ ጉዳዮች

የልብ ምት መዛባት ያለበት ሰው ቀዶ ሕክምና ሲታዘዝለት ብዙ ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ ማደንዘዣውን ይፈራል። ተኝቼ ብቀርስ በሚል ስጋት ቀጠሮውን የሚተው አለ፤ ሕክምናውን እንዳይከለከል ሰግቶ የልብ ሕመሙን የሚደብቅም አለ። ሁለቱም ለከፋ ጉዳት ይዳርጋሉ። ሕመሙ አስቀድሞ ከታወቀና ተገቢው ዝግጅት ከተደረገ አብዛኞቹ ታካሚዎች ሰመመን ወስደው በሰላም ይነቃሉ።

የልብ ምት መዛባት ምንድን ነው?

በዕረፍት ላይ ያለ አዋቂ ሰው ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። ምቱ ከዚህ ሲፈጥን፣ ሲዘገይ ወይም ሥርዓቱን ሲያጣ ተዛብቷል ይባላል። በሀገራችን አንዱ መንስኤ በልጅነት ከሚከሰት የጉሮሮ ቁስለት በኋላ የሚመጣው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ሕመሙ የልብን ቫልቭ ሲያጠብ ከቫልቩ በላይ ያለው የልብ ክፍል ይለጠጥና ምቱ ይዛባል። በዚያ የረጋ ደም ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያስከትላል። ዋርፋሪን የተባለው ደም አቅጥን መድኃኒት የሚታዘዘው ይህን ለመከላከል ነው።

ሰመመን በልብ ላይ ምን ያደርጋል?

ኬታሚን የተባለው ማደንዘዣ የልብን ምት ያፈጥናል፤ የደም ግፊትንም ይጨምራል። ቫልቩ በጠበበበት ልብ ደም ለማለፍ ጊዜ ስለሚፈልግ የምቱ መፍጠን አደገኛ ይኾናል። ፕሮፖፎል እና በጀርባ በኩል የሚሰጠው ከወገብ በታች የሚያደነዝዝ መርፌ ደግሞ የደም ግፊትን ይቀንሳሉ። ስለዚህ ባለሙያው መድኃኒቱንና መጠኑን የሚመርጠው የሕመሙን ዓይነት ዐውቆ ነው።

ቀላል የሚመስለው የማረጋጊያ መርፌም ክትትል ይሻል። ትንፋሽን ካዘገየ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ይህም ምቱን ይበልጥ ያዛባል። ጥርስ ለማስነቀልም ቢኾን ማደንዘዣው አድሬናሊን ሊኖረው ስለሚችል የልብ ሕመምን መናገር ይገባል።

ለባለሙያው ምን ይነገር?

• የሚወሰዱ መድኃኒቶች ኹሉ፦ የባሕል መድኃኒትን ጨምሮ ይነገሩ፤ ማሸጊያዎቹን ይዞ መሄድ ይመረጣል። በጸበል ወይም በጾም ምክንያት መድኃኒት የተቋረጠ ከኾነም ይነገር።

• ደም አቅጥን መድኃኒት፦ ዋርፋሪን ከከባድ ቀዶ ሕክምና በፊት ብዙውን ጊዜ ለ5 ቀናት ያህል ይቋረጣል። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላለበት ሰው ግን ምትክ መርፌ ሊያስፈልግ ይችላል። መድኃኒቱ በደም ውስጥ እያለ የጀርባ መርፌ ቢሰጥ በሕብለ ሰረሰር አካባቢ ደም ፈሶ እግርን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። መቋረጡንም ኾነ መቀጠሉን የሚወስነው ሐኪም ብቻ ነው።

• የልብ ምት ማረጋጊያ፦ እንደ አቴኖሎል እና ሜቶፕሮሎል ያሉት አብዛኛውን ጊዜ በቀዶ ሕክምናው ዕለት ጠዋትም በጥቂት ውኃ ይወሰዳሉ። በድንገት ማቋረጥ ምቱን ሊያፈጥን ይችላል።

• ሽንት የሚያሸና መድኃኒት፣ ትውከትና ተቅማጥ፦ የሰውነትን ፖታሺየም በመቀነስ ምቱን ስለሚያዛቡ የደም ምርመራ ያስፈልጋል።

• የተባይ ማጥፊያ ኬሚካል፦ በቅርቡ እንደ ማላታይን ያለ ኬሚካል የረጨ አርሶ አደር ይህን ይናገር። ኬሚካሉ ምቱን ሊያዘገይ፣ በሰመመን ወቅት የሚሰጥ አንድ የጡንቻ ማላሊያ መድኃኒትንም ከወትሮው ረዝሞ እንዲቆይ ሊያደርግ ይችላል።

• ጫት፣ አረቄና ጠላ፦ ምትን ስለሚያዛቡ መቼና ምን ያህል እንደተወሰዱ ሳይደበቅ ይነገር።

በዕለቱ

በተለምዶ ምግብና ወተት ከ6 ሰዓት፣ ንጹሕ ውኃ ደግሞ ከ2 ሰዓት በፊት ይቆማሉ። ከዚያ በላይ ውኃ ሳይቀምሱ መቆየት ሰውነትን ስለሚያደርቅ የደም ግፊትን ሊያወርድ ይችላል፤ ሆስፒታሉ የሰጠው መመሪያ ይከበር። ታካሚው ከመተኛቱ በፊት የኢሲጂ ምርመራ መደረጉን፣ በሰመመን ጊዜም የልብ ምቱ፣ የደም ግፊቱና የኦክስጅን መጠኑ የሚለኩ መኾኑን መጠየቅ መብቱ ነው።

ወደ ቤት ሲመለሱ

ዋርፋሪን መቼ እንደሚጀመር ሳይጠየቅ ከሆስፒታል መውጣት አይገባም። የልብ ምት መፍጠን፣ ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአፍ መጣመም ወይም የአንድ ወገን እጅና እግር መስነፍ ከታየ እስኪነጋ ሳይጠበቅ በአቅራቢያ ወደሚገኝ የጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።